ማኅበር ሲጦር፤ የኩዌከሮች የአረጋውያን መንደሮች ታሪክ

በአገራችን ምርቃት ከዕድሜና ከጤና ቀጥሎ የሚመጣው «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ነው። መራቂው ይህን ሲል በሐሳቡ ያለው ልጅ ነው፤ ልጅ ከሌለም የእኅት ወይም የወንድም ልጅ፣ እርሱም ከታጣ ጎረቤትና ዕድር። መጦርና መቀበር የተነጣጠሉ ሁለት ነገሮች ሳይሆኑ የአንድ ውል ሁለት ወገኖች መሆናቸውን ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። ነገር ግን ልጅ ባሕር ተሻግሮ ሲቀር፣ ወይም ጨርሶ ሳይወለድ፣ ወይም ከወላጁ ቀድሞ ሲሞት ውሉን የሚፈጽመው ማን ነው? ይህ ጥያቄ በማኅበራዊ አገልግሎት ለተሠማራን ሰዎች አዲስ አይደለም፤ በየቢሮአችን በየቀኑ ይገጥመናል። ጥያቄውን ከሦስት መቶ ሰባ ዓመት በላይ ይዞት የኖረ፣ መልሱንም ደጋግሞ የሞከረ፣ ደጋግሞም የተሳሳተ አንድ አነስተኛ የሃይማኖት ማኅበር አለ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚያን ማኅበር ሙከራ ከመነሻው ጀምሮ መመልከት ነው።

እነዚህ ሰዎች ራሳቸውን የሚጠሩት «የወዳጆች ማኅበር» ብለው ነው። ዓለም የሚያውቃቸው ግን ኩዌከር በሚለው ስም ሲሆን ትርጓሜውም «ተንቀጥቃጭ» ማለት ነው። ስሙ የወጣው በ1650 በእንግሊዝ አገር በደርቢ ከተማ ነው። የማኅበሩ መሥራች ጆርጅ ፎክስ ለፍርድ ቀርቦ ሳለ፣ በእግዚአብሔር ቃል ፊት ተንቀጥቀጥ ቢለው ዳኛው በፌዝ መለሰለት፤ ፌዙም ስም ሆኖ ቀረ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።) በጥንታዊው ልማዳቸው ካህን የላቸውም፤ ቅዳሴም ሆነ ዜማ የላቸውም። ባዶ በሆነ አዳራሽ ተሰብስበው በዝምታ ይቀመጣሉ፤ መንፈስ ያነሣሣው ሰው ይነሣና ጥቂት ተናግሮ ይቀመጣል፤ ከዚያም ዝምታው ይቀጥላል። መሣሪያ አያነሡም። በአገራችን ስለ እነርሱ ብዙ አልተጻፈም እንጂ፣ ከ1941 ድል በኋላ የወዳጆች አምቡላንስ ጓድ ይባል የነበረው ክፍላቸው ወጣቶች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በሕክምና ሥራ አገልግለዋል። በ1947 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተሰጠውም ለእንግሊዞቹና ለአሜሪካውያኑ የኩዌከር የርዳታ ድርጅቶች ነበር።

የመጦሩ ነገር የጀመረው ከእርጅና ሳይሆን ከወኅኒ ነው። የመጀመሪያዎቹ ኩዌከሮች አሥራት አንከፍልም፣ በፍርድ ቤት አንምልም፣ ለባለሥልጣን ባርኔጣ አናወልቅም እያሉ በሺህ የሚቆጠሩት ታሰሩ፤ ብዙዎችም በወኅኒ ሞቱ። አባወራው ሲታሰር ሚስትና ልጆች፣ አሮጊት እናትም ያለ ጧሪ ይቀራሉ። ስለዚህ በ1654 ማርጋሬት ፌል የተባለችው የመኳንንት ወገን ሴት፣ በሰሜን እንግሊዝ በምትገኘው በኬንዳል ከተማ አንድ የመረዳጃ ገንዘብ እንዲቋቋም አደረገች፤ ገንዘቡም ለሰባክያኑ ጕዞና ለታሰሩት ቤተሰቦች ይውል ነበር። በለንደንም የማኅበሩ ሴቶች ለብቻቸው እየተሰበሰቡ በሣጥን ገንዘብ ያጠራቅሙና ድሆችንና መበለቶችን እየዞሩ ይጠይቁ ነበር፤ ስብሰባቸውም «የሣጥኑ ጉባኤ» ተብሎ ተጠራ። የዕድርን ሣጥን ለሚያውቅ ሰው ይህ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ከዚህ ላይ አንድ ብዙ ጊዜ የማይነሣ ነገር ላንሣ። ኩዌከሮች በመጀመሪያ የአባላት መዝገብ አልነበራቸውም፤ ወዳጅ ማለት ከወዳጆች ጋር በዝምታ የሚቀመጥና መከራቸውን የሚካፈል ሰው ማለት ነበር። ስደቱ በረድ ካለ፣ ማኅበሩም ንብረት ካፈራ በኋላ ግን የገጠሩና የከተማው ጉባኤዎች «ይህ ድሃ የእናንተ ነው፤ አይደለም፣ የእናንተ ነው» እያሉ ይከራከሩ ጀመር። በ1737 የለንደኑ ዓመታዊ ጉባኤ ክርክሩን ለመቍረጥ ደንብ አወጣ፤ እያንዳንዱ ሰው የየትኛው ጉባኤ ወገን እንደ ሆነ ተወሰነ፤ ሚስትና ልጆችም ከባልና ከአባት ጋር እንዲቈጠሩ ተደረገ። በትውልድ የሚገኝ አባልነት በኩዌከሮች ዘንድ የተጀመረው ከዚህ ደንብ ነው ይባላል። እንግዲህ የአባልነቱ ወሰን የተሰመረው «በምን ታምናለህ?» በሚለው ጥያቄ ሳይሆን «ስታረጅና ስትደኸይ የሚጦርህ ማን ነው?» በሚለው ነበር ማለት ነው። ወገንተኝነትና መጦር በአንድ ደንብ ተጽፈው ወጡ። ነገር ግን ወሰን ሲሰመር ከወሰኑ ውጭ የሚቀርም አለ፤ ከማኅበሩ ውጭ ያገባ፣ ዕዳውን ያልከፈለ፣ ጦር የሠለፈ ሰው ከማኅበሩ ይሰናበት ነበር፤ የተሰናበተም የመጦር መብቱ አብሮት ይወድቃል። የማኅበር ቸርነት በዘመኑ ሁሉ ይህን ጥላ አስከትሎ ይሄዳል።

ስለ ቸርነታቸው ብዙ የሚያመሰግኑ ጽሑፎች ስላሉ፣ እኔ ደግሞ ጥቂት ስለ ማጕረምረም ልናገር። በ1702 የለንደን ኩዌከሮች በክላርከንዌል ሠፈር አረጋውያን ድሆችና ወላጅ የሌላቸው ልጆች በአንድነት የሚኖሩበት የሥራ ቤት ከፈቱ። ሐሳቡን ያመነጨው ጆን ቤለርስ የተባለ ጨርቅ ነጋዴ ሲሆን፣ ድሆች በኅብረት ሠርተው ራሳቸውን የሚችሉበት ሠፈር ይመሥረት ብሎ በ1690ዎቹ የጻፈው ሐሳብ ከብዙ ዘመን በኋላ ካርል ማርክስን ሳይቀር አስደንቆታል። ቤቱ ሲከፈት ግን የሐሳቡ ውበት ከሾርባው ጋር ተጋጨ። ከ1711 እስከ 1737 ድረስ የቤቱ መጋቢ የነበረው ሪቻርድ ሃተን የአቤቱታ ደብተር ይይዝ ነበር፤ ደብተሩም እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል፤ በ1987 ታትሞም ወጥቷል። ምግቡ አነሰ፣ መጋቢው አንጓጠጠን፣ እገሌ ከእኔ ይልቅ ተደላው የሚሉ ክሶችና የመጋቢው መልሶች ተመዝግበውበታል። መጋቢው ራሱ በማኅበሩ ሹማምንት ፊት እየቀረበ መልስ መስጠት ነበረበት። እኔ ይህን ደብተር ከብዙ የስብከት መጻሕፍት አስበልጬ እመለከተዋለሁ፤ ተጧሪው ማጕረምረም የሚችልበት፣ ማጕረምረሙም ተጽፎ መልስ የሚያገኝበት ቤት፣ ምንም ደሃ ቢሆን፣ ተጧሪውን ሰው አድርጎ ቈጥሮታልና።

ሁለተኛው መነሻ ሐዘን ነው። በ1790 ሐና ሚልስ የተባለች ኩዌከር መበለት በዮርክ ከተማ በሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን ቤት ገብታ ጥቂት ሳምንታት እንደ ቆየች ሞተች፤ ሊጠይቋት የሄዱት ወዳጆችም እንዳያዩዋት ተከልክለው ነበር። በዚያ ዘመን እንዲህ ባለው ቤት ሕሙማንን በሰንሰለት ማሰር የተለመደ ነገር ነበር። ዊልያም ቱክ የተባለ የሻይና የቡና ነጋዴ ማኅበሩን አስተባብሮ፣ በ1796 በዚያው በዮርክ «ማረፊያ» የሚል ስም የተሰጠውን ቤት ከፈተ። በዚያ ቤት ሰንሰለት አልገባም፤ ሕሙማኑ በአትክልት ቦታ ይሠሩ፣ ከመጋቢዎቹ ጋር ሻይ ይጠጡ ነበር። አልፎ አልፎ እጅ የሚይዝ ልብስ መጠቀማቸው አልቀረም፤ ይሁን እንጂ የልጅ ልጁ ሳሙኤል ቱክ በ1813 ስለ ቤቱ ያሳተመው መጽሐፍ ባሕር ተሻግሮ፣ በ1817 በፊላደልፍያ አጠገብ ተመሳሳይ ቤት በኩዌከሮች እንዲከፈት ረዳ። ስለ ዮርክ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከመቶ ሰማንያ ዓመት በኋላ ጕዳዩ ተመልሶ ይመጣል።

ዊልያም ፔን በ1681 ከእንግሊዝ ንጉሥ ፔንሲልቬንያን ከተቀበለ ወዲህ የኩዌከሮች ዋና አገር አሜሪካ ሆነች ማለት ይቻላል። በፊላደልፍያ ከተማ ገና በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለአረጋውያን ድሆቻቸው በዎልነት መንገድ ትንንሽ ቤቶች ነበሯቸው። እዚህ ላይ ለአማርኛ ተናጋሪ የሚገርም ነገር አለ። ኩዌከሮች በዘመኑ እንግሊዝኛ ለታላቅ ሰው ይነገር የነበረውን የአክብሮት አነጋገር እንቢ ብለው ለንጉሥም ለዳኛም ለአባታቸውም «አንተ» ይሉ ነበር። «አንቱ» ማለት ለእግዚአብሔር የሚገባውን ክብር ለሰው መስጠት ነው ብለው ስላመኑ፣ ስለዚሁም ብዙ ተገርፈዋል። ሽማግሌን በ«እርስዎ» ማክበር ከእናት ጡት ጋር ለጠባን ለእኛ፣ ለአረጋዊ የአክብሮት ቃል የነፈገ ማኅበር ለአረጋውያን ቤት በመሥራት መታወቁ እንቈቅልሽ ይመስላል። እነርሱ ግን አክብሮቱን ከቃሉ አውጥተው በሌላ ቦታ አስቀመጡት። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ላላገቡ ሴት አስተማሪዎችና ለመበለቶች የሚሆኑ የማረፊያ ቤቶች በፊላደልፍያ ዙሪያ በሚገኙ ትንንሽ ከተሞች ተከፈቱ። በ1891 በዌስት ቸስተር የተመሠረተው ሂክመን የተባለው ቤት ከእነዚህ አንዱ ነው።

ስለ ወገንተኝነት የሚጽፍ ሰው ወንበሩን ዘልሎ ማለፍ አይገባውም። የፊላደልፍያ ዓመታዊ ጉባኤ በ1776 ባርያ የሚይዝ ሰው በማኅበሩ እንዳይቆይ ወስኗል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም በጸሎት አዳራሾቻቸው ጥቁሮች የሚቀመጡበት ለብቻው የተለየ ወንበር ነበር። አስተማሪና ሠዓሊ የነበረችው ጥቁሯ ሣራ ማፕስ ዳግላስ ከእናቷ ጋር በዚያ ወንበር ተቀምጣ አደገች፤ በ1830ዎቹም ስለዚህ ውርደት በደብዳቤዎቿ ጽፋለች። ከባሪያ አሳዳሪ ቤት ወጥተው ኩዌከር የሆኑት የግሪምኬ እኅትማማቾች ሆን ብለው ከእነ ሣራ ጋር በዚያ ወንበር ይቀመጡ ነበር፤ በዚህም የሽማግሌዎቹን ቍጣ አተረፉ። እንግዲህ ነፃነትህን እሟገትልሃለሁ፣ አጠገቤ ግን አትቀመጥ የሚል ወዳጅነት ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ መታወስ የሚገባው ሰው ስቲቨን ስሚዝ ነው። በፔንሲልቬንያ በባርነት ተወልዶ፣ ነፃነቱን በገንዘቡ ገዝቶ፣ በእንጨትና በድንጋይ ከሰል ንግድ እጅግ ከበለጸጉት ጥቁር አሜሪካውያን አንዱ ሆነ። በ1864 ጥቁሮችና ኩዌከሮች አንድ ላይ ሆነው በፊላደልፍያ ለአረጋውያንና ለደካሞች ጥቁሮች የሚሆን መጦሪያ ሲመሠርቱ ከፍተኛውን ገንዘብና ቦታ የሰጠው እርሱ ነበር፤ ቤቱም ኋላ በስሙ ተጠራ። የአስተዳደሩ ቦርድ ከሁለቱም ወገን የተውጣጣ ነበር። ደብልዩ ኢ ቢ ዱ ቦይስ በ1899 ስለ ፊላደልፍያ ጥቁሮች ባሳተመው ጥናቱ ይህን ቤት ከጠቀሳቸው ተቋማት አንዱ አድርጎታል። በዚያው ዘመንና በዚያው አካባቢ ግን የኩዌከሮቹ የማረፊያ ቤቶች ለማኅበሩ ሰዎች፣ የስሚዝ ቤት ደግሞ ለጥቁሮች ሆነው ለየብቻቸው ኖሩ። ወንበሩ ቤት አከለ።

አሁን ወደ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ እንሻገር። በ1935 በአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ወጥቶ ለአረጋውያን ወርኃዊ ጡረታ መከፈል ጀመረ፤ በ1965 ደግሞ ለአረጋውያን የሕክምና መድን ታወጀ። እነዚህ ሁለት ሕጎች ድህነቱን ሲያቃልሉ ብቸኝነቱን ግን አልነኩትም። ልጆች ሥራ ፍለጋ በሺህ ኪሎ ሜትር ተራርቀው ይኖራሉ፤ መኖሪያ ቤቶቹ ያለ መኪና ከማይደረስባቸው ከከተማ ውጭ ሠፈሮች ውስጥ ናቸው፤ ባል የሞተባት ሴት መኪና መንዳት ስታቆም እስረኛ ትሆናለች። መንግሥት ለነርሶች ቤት መክፈል ሲጀምር ለትርፍ የቆሙ ቤቶች እንደ እንጕዳይ ፈሉ፤ ብዙዎቹም የሚያሳፍሩ ነበሩ። ለሁለት መቶ ዓመት ያህል በየወሩ ጉባኤ ተገናኝተው በዝምታ አብረው የተቀመጡ ሰዎች በመጨረሻ ዘመናቸው በማያውቁት ቤት፣ በማያውቁት ሰው እጅ፣ ተለያይተው መሞታቸው የፔንሲልቬንያ ኩዌከሮችን አሳሰባቸው።

መልሱ በ1967 በግዊኔድ ታየ። ከዌልስ የመጡ ኩዌከሮች በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በመሠረቱት በዚያ ሠፈር ከፎክ ቤተሰብ ለጉባኤው በተላለፈ መሬት ላይ ፎክዌይስ የተባለ የጡረተኞች መንደር ተከፈተ። በፔንሲልቬንያ ከዚህ ዓይነቱ መንደር ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በዚያው ዓመት በሜሪላንድ በሳንዲ ስፕሪንግ የወዳጆች ቤት፣ በ1971 በኒው ጀርሲ መድፎርድ ሊስ፣ በ1979 በባልቲሞር አጠገብ ብሮድሚድ፣ በ1980 በባክስ አውራጃ ፔንስዉድ ተከተሉ። ከሁሉ ይልቅ ስሙ የተሰማው በ1973 በኬኔት ስኩዌር አጠገብ የተከፈተው ነው፤ ስሙንም ኬንዳል አሉት። ይህም ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ማርጋሬት ፌል ለእስረኞች ቤተሰብ ገንዘብ ያስሰበሰበችበትን ከተማ ለማስታወስ ነው። አካባቢው ራሱ ታሪክ ያለው ነው፤ ከባርነት የሚያመልጡ ሰዎች ወደ ሰሜን ሲሸሹ በዚያ ያልፉ ነበር፤ ከዚያው ከሎንግዉድ የተላኩ ኩዌከሮች በሰኔ 1862 ፕሬዚዳንት ሊንከን ፊት ቀርበው ባሮችን ነፃ ያወጣ ዘንድ ለምነውታል።

የመንደሩ አሠራር በአጭሩ ይህ ነው። ሰው ገና ጤነኛ ሳለ፣ ራሱን ችሎ መኖር በሚችልበት ዘመን ይገባል። ሲገባ ከፍ ያለ የመግቢያ ገንዘብ፣ ከዚያ በየወሩ የተወሰነ ክፍያ ይከፍላል። ማኅበሩ በበኩሉ ዕድሜ ልኩን ቤት፣ ምግብና ሕክምና ሊያቀርብለት፣ ሲደክምም በዚያው ግቢ ወደሚገኘው የነርሶች ክፍል ሊያዛውረው በውል ይገባል። ጤነኛው የበሽተኛውን፣ በአጭር የተቀጨው የዕድሜ ጠገቡን ወጪ ይሸከማል፤ ይህም የሒሳብ ዐዋቂዎች ቀመር ያለው ዕድር ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ዕድሩ ግን ይሰበራል። በካሊፎርንያ ከሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ጋር ግንኙነት የነበረው ፓሲፊክ ሆምስ የተባለው ድርጅት፣ በአንድ ጊዜ ክፍያ ዕድሜ ልክ እጦራለሁ ብሎ ስለ ተዋዋለ፣ ተጧሪዎቹ ከታሰበው በላይ ሲኖሩና ገንዘብ ሲረክስ በ1977 ኪሣራውን አሳወቀ፤ ሽማግሌዎቹም ቤተ ክርስቲያኒቱን ከሰሱ። ወርኃዊው ክፍያ ከኑሮ ውድነት ጋር እንዲያድግ ማድረግና መጠባበቂያ መያዝ ለምን እንደሚያስፈልግ ይህ ጕዳይ ለሁሉም አስተማረ።

ይህ ሁሉ የገንዘብ ነገር ነው፤ ወገንተኝነት ግን በገንዘብ አይገዛም። የኩዌከሮቹን መንደር ከሌላው የሚለየው በውሉ ላይ ያልተጻፈው ነው። በጉባኤያቸው ድምፅ አይሰጥም፤ ብዙኃኑ ጥቂቱን አያሸንፍም። ጸሐፊ የሚባለው ሰብሳቢ የሁሉን ሐሳብ ሰምቶ የጉባኤውን ስሜት በጽሑፍ ያቀርባል፤ ልቡ ያልተቀበለ ሰው ካለ ጕዳዩ ለሌላ ቀን ይቈያል። ይህ ልማድ በመንደሮቹ ነዋሪዎች ኮሚቴዎችም ውስጥ ብዙ ጊዜ ይታያል። ቤተ መጻሕፍቱን፣ የእንጨት ሥራ ክፍሉን፣ የአትክልት ቦታውን የሚመሩት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ዛሬ በአብዛኞቹ መንደሮች ኩዌከሮቹ ከነዋሪው ጥቂቱ ናቸው፤ የሚበዛው የሌላ ሃይማኖት ሰው ወይም ሃይማኖት የለኝም የሚል ነው። ሆኖም ሰማንያ ዓመት የሞላው ሰው ገና ለማኅበሩ የሚያበረክተው አለው ብሎ የሚያምን ሥርዓት፣ ከተጧሪነት አውጥቶ አባል ያደርገዋል። እርግጥ ነው፣ ሥርዓቱ አድካሚ ነው። አንድ ዛፍ ይቈረጥ አይቈረጥ ብሎ ሦስት ወር የሚወያይ ኮሚቴ ትዕግሥት ይፈታተናል፤ ችኩል ሰው አይችለውም። የክላርከንዌሉ ደብተር ወደ ኮሚቴ ተለወጠ እንጂ ማጕረምረሙ አልቀረም።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራቸው ግን ማሰሪያውን የፈቱበት ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በአሜሪካ የነርሶች ቤቶች ሽማግሌን በወንበርና በአልጋ ላይ በቀበቶ ማሰር የተለመደ አሠራር ነበር። እንዳይወድቅ፣ እንዳይባዝን፣ የተሰካለትን ቱቦ እንዳይነቅል ነው ይባላል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከእነዚህ ቤቶች ተኝተው ከሚታከሙት መካከል አርባ በመቶ የሚሆኑት እንደሚታሰሩ ይገመት ነበር። የኬንዳል መሥራቾች በ1973 ቤታቸውን ሲከፍቱ ማንንም ላለማሰር ወሰኑ። ብዙ ባለሙያዎች ሕልመኞች ናቸው አሏቸው፤ ሰው ይወድቅባችኋል፣ ትከሰሳላችሁ አሏቸው። በእርግጥም ሰው ይወድቃል። ነገር ግን የታሰረ ሰውም ይወድቃል፤ ለማምለጥ ሲታገል ይታነቃል፤ ጡንቻው ይከሳል፤ ቍስል ያወጣል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ልቡ ይሰበራል። ከዚህ የተነሣ ሠራተኞቹ «ይህ ሰው ለምን ይነሣል?» ብለው መጠየቅን ልማድ አደረጉ፤ ሽንት መጥቶበት ይሆናል፣ ወንበሩ ጐርብጦት ይሆናል፣ ቀድሞ ሌሊት ይሠራ የነበረ ሰው ይሆናል። አልጋው ዝቅ ይደረጋል፤ ወንበሩ ይለወጣል፤ አብሮት የሚሄድ ሰው ይመደባል።

በ1986 ኬንዳል «አረጋውያንን ፍቱ» የሚል ዘመቻ ከፈተ፤ ጂል ብሌክስሊ የተባለችው የድርጅቱ የጤና ኃላፊም በነርሶች መጽሔት ላይ ልምዱን ጽፋ አሰራጨች። በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሎይስ ኢቫንስና ኔቪል ስትረምፍ የተባሉት ሁለት የነርስነት ሊቃውንት ደግሞ ማሰር ይጠብቃል የሚለው እምነት ማስረጃ እንደሌለው በጥናት አሳዩ። በ1987 የወጣው የነርሶች ቤቶች ማሻሻያ ሕግ ለሠራተኛ ምቾት ወይም ለቅጣት ሲባል ማሰርን ከለከለ፤ ደንቡም በ1990 ሥራ ላይ ዋለ። በመካከሉ፣ በታኅሣሥ 1989፣ የአሜሪካ ሴኔት የአረጋውያን ኮሚቴ በዚሁ ጕዳይ ላይ በዋሽንግተን ጉባኤ አደረገ፤ የጉባኤውም ስም ከኬንዳል ዘመቻ የተወሰደ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ በአገሪቱ የሚታሰሩት ተጧሪዎች ቍጥር ከመቶ አምስት እንኳ አይሞላም ነበር። በ1796 በዮርክ ሰንሰለቱን ከደጅ ያስቀሩት ሰዎች ልጆች፣ ጨርቅም ቢሆን ማሰሪያ ማሰሪያ ነው አሉ።

እንዲህ ሆኖ ሳለ በሩ ጠባብ ነው። ዛሬ የመግቢያው ገንዘብ ብዙ መቶ ሺህ ዶላር ሊደርስ ይችላል፤ በብዛት የሚገቡት ቤታቸውን ሸጠው ነው። ቤት የሌለው ሰው ምን ይሸጣል? በአሜሪካ በዘር ልዩነት ምክንያት ለብዙ ዘመን ቤት እንዳይገዛ የተደረገው ጥቁር አሜሪካዊ ለመግባት የሚያስችለው ሀብት በእጁ የለም። የመግቢያው የጤና ምርመራም አለ፤ ቀድሞ የታመመ አይገባም። አንዳንድ ጉባኤዎች አቅም ለሌላቸው ወዳጆች የሚረዳ ገንዘብ ያጠራቅማሉ፤ ገብተው ያለ ጥፋታቸው ገንዘብ ያለቀባቸውንም ላለማስወጣት ይጥራሉ። ሆኖም የ1737ቱ ጥያቄ፣ «ይህ ድሃ የማን ነው?» የሚለው፣ መልስ አላገኘም። የሣራ ዳግላስ ወንበር ከአዳራሹ ወጣ እንጂ በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ ተሸሽጎ ይገኝ እንደ ሆነ ራሳቸው ኩዌከሮቹ በጉባኤያቸው ሲጠያየቁ ኖረዋል።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ደግሞ የሠራተኞቹ ነገር ነው። በአሜሪካ የአረጋውያን መጦሪያዎች ሽማግሌውን የሚያጥቡት፣ የሚያለብሱት፣ የሚያጐርሱት በብዛት ከውጭ አገር የመጡ ሴቶች ናቸው፤ በዋሽንግተንና በሜሪላንድ አካባቢ ኢትዮጵያውያኑ ጥቂቶች አይደሉም። የራሷን እናት በአዲስ አበባ ወይም በጎንደር ለእኅቷ ትታ፣ በገንዘብ እየጦረች፣ በእጇ ደግሞ የሌላ ሰው እናት የምትጦር ሴት «ጧሪ ቀባሪ» የሚለው ቃል ለሁለት ሲሰነጠቅ ታየዋለች። ዘጠና ዓመት የሆናቸውን ሴት በስማቸው ብቻ ጥሪያቸው ብትባል አፏ እሺ አይላትም፤ «እማማ» የሚል ቃል በእንግሊዝኛው መካከል ይወጣታል። የምትሠራበት መንደር የቱን ያህል ደግ ቢሆን፣ ደመወዟ አርጅታ በዚያው መንደር ለመኖር አያበቃትም። ውሳኔ በድምፅ ብልጫ አይሁን የሚለው ሥርዓት የነዋሪዎቹን ኮሚቴ ሲያልፍ እስከ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ድረስ ይወርዳል ወይ? በኩዌከር ስም የሚጠሩ ቤቶች ሁሉ ይህን በአንድ ዓይነት አልመለሱትም።

ሰው ሲሞት የሚደረገው የመታሰቢያ ጉባኤ ብዙ ጊዜ እንደ ጸሎታቸው ነው። ወንበሮቹ በክብ ወይም ፊት ለፊት ይደረደራሉ፤ አስከሬን የለም፤ ስብከት የለም፤ ለረጅም ጊዜ ዝም ይባላል። ከዚያ ልጁ፣ ወይም የጎረቤት ክፍል ሰው፣ ወይም የሟቹ የዱሮ ተማሪ ይነሣና ስለ ሟቹ አንድ ነገር ይናገራል፤ ይቀመጣል፤ ዝምታው ይመለሳል። መናገር ለማንም የተፈቀደ ስለ ሆነ፣ ማለዳ ማለዳ ታጥባት የነበረችው ረዳትም የሥራ ልብሷን እንደ ለበሰች ልትነሣ ትችላለች። ሰዓቱ ሲሞላ በዕድሜ ጠና ያለ አንድ ሰው አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው እጅ ይጨብጣል፤ መጨባበጡም ከወንበር ወደ ወንበር ይተላለፋል፤ ስብሰባው ያበቃው በዚህ ነው።